የጣናን ዳርቻ በሳተላይት ምስል እንዴት መከታተል ይቻላል?

ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይ በየክረምቱ የጎጃምን አፈር ጠርጎ ጣና ውስጥ ይደፋል። ይህን ዳንግላም ሆነ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ፣ ያውም በነጻ፣ ማየት ይቻላል።

መጀመሪያ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለውን የአውሮፓውያን ድረ ገጽ ክፈቱ። በስልክም ይሠራል፤ ኮምፒውተር ግን ይሻላል። ካርታውን ወደ ጣና ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቁንዝላ አካባቢ ውሰዱትና ሴንቲነል-2 የሚባለውን ሳተላይት ምረጡ።

ቀጥሎ ቀን መምረጥ ነው። እንደ ቀይ ባሕር ያለ የበረሃ ጠረፍ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ስለሆነ ጥሩ ምስል አይጠፋም። እኛ ጋ ክረምቱን ደመናው ሁሉንም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ፈልጉ። ክረምቱን የግድ ማየት ካለባችሁ ደመና የማያግደው የሴንቲነል-1 ራዳር አለ።

በተፈጥሮ ቀለሙ ስታዩት ከወንዙ አፍ ወደ ሐይቁ የሚገባው ቡናማ ውሃ ደለሉ ነው። ከዚያ ሰው ሠራሽ ቀለሙን (False color የሚለውን) ክፈቱ። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ውሃው ይጠቁራል። የሐይቁ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ግን ቀይ ያያችሁትን ሁሉ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ ነው አትበሉ! ደንገልም ቀይ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው የሚዘራው ሰብልም እንደዚያው። አንዱ መለያ እንቅስቃሴ ነው። ሴንቲነል-2 በ5 ቀን ገደማ ስለሚመለስ ተከታታይ ምስሎችን አስተያዩ። ደንገል ቦታውን አይለቅም፤ እምቦጭን ግን ንፋስ ይነዳዋል። አንዷ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ታንኳ እንኳ ለብቻዋ አትለይም። ትንሽ የእምቦጭ ቁራጭም እንዲሁ ያመልጣል። ስለዚህ የተጠራጠራችሁበትን ቦታ እዚያው ዓሣ የሚያጠምዱትን ጠይቁ። እነሱ ያውቁታል።

ዓመትን ከዓመት ስታወዳድሩ ወሩ አንድ ይሁን። ጣና በመስከረም ይሞላል፣ እስከ ግንቦት ይጎድላል፤ የጥቅምትን ምስል ከግንቦት ጋር ያስተያየ ሰው ሐይቁ ደረቀ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ለቆዩ ዓመታት ላንድሳት የሚባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች ተጠቀሙ፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ30 ሜትር ጥራት የተነሱ ምስሎች አሏቸው። ምስሉን ለሌላ ሰው ስትልኩም የተነሳበትን ቀን ጻፉበት።