እጃችሁ አንድ የድሪቶ ስልት ላይ ሲቀር

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን እትዬ፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው አልጋው ላይ የዘረጋሁትን ድሪቶ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ይኸንንማ አምናም ሠርተሽው አልነበረም?» አሉኝ። የአምናው ለእህቴ ተሰጥቷል፤ ይኸኛው አዲስ ነበር። ግን አልተሳሳቱም። መሐሉ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ። በአራት ዓመት ስድስት ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን አንድ ላይ ብዘረጋቸው የትኛው የመጀመሪያው እንደሆነ እኔም አልለየውም።

ድሪቶ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እላቂ የለበሰ ችግረኛ ነው። እኔ ግን ሌላ ስም አልፈልግለትም። ብጣሽ ከብጣሽ ደርቶ፣ ገበር አልብሶ፣ የጎንደርን የሐምሌ ሌሊት የሚመክት ብርድ ልብስ ማውጣት የተከበረ ሙያ ነው፤ ስሙም አብሮ ይከበር።

የቀረሁበት ስልት አሜሪካኖች «የግንድ ቤት» የሚሉት ነው። መሐል ላይ ትንሽ ካሬ ይቀመጣል፤ ከዚያ በረጅሙ የተቆረጠ ጠባብ ጨርቅ፣ ጥብጣብ ልበለው፣ በካሬው ዙሪያ እየዞረ ይሰፋል። ግድግዳ በግንድ ላይ ግንድ እንደሚሠራ ማለት ነው። እንዲህ አድጎ ያለቀውንም ካሬ ነው የምለው፤ ድሪቶው ከእንዲህ ያሉ ብዙ ካሬዎች ይገጠማል። መሐሉን ቀይ የሚያደርጉት ምድጃን እንዲወክል ነው ይባላል። እኔም የወደድኩት በዚህ ነው፤ ቤቱ ከምድጃው ተነሥቶ ወደ ውጭ ያድጋል።

«ሰለቸሽ እንግዲህ፣ ሌላ ስልት ጀምሪ» ያሉኝ ነበሩ። ጀመርኩም፤ በሦስት ማዕዘን። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ጫፍ ከጫፍ አልገጥም ብሎኝ ሁለት ሳምንት ለፋሁና አጥፌ አስቀመጥኩት። ልቤ ያለው ግንድ ቤቱ ላይ ነበር። በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች «የቤት ጣሪያ» የሚሉትን የዚሁ ዘመድ የሆነ ስልት ከእናት ለልጅ እያወረሱ ሲሠሩ ኖረዋል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ታተመ። ካሬው ያው ካሬ ነው፤ የአንዷ ግን ከሌላዋ አይምታታም። ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ቀና በሉ። የጣሪያው መላእክት ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ቆም ብላችሁ ስታዩ ግን ሠዓሊው አንዱን ከሌላው በጥቂቱ ለይቶታል።

ስለዚህ ስልቱን ሳትለቁ የምትሄዱበትን መንገድ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ የምትደግሙትን እወቁ

የሠራችኋቸውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ዘርጉና ከፍ ካለ ቦታ ፎቶ አንሡ። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ቀለም ሲጠፋ የሚቀረው ደማቁና ፈዛዛው፣ በእኔ ጥቁር ሰማያዊውና ነጩ፣ ነው፤ ድሪቶ ከሩቅ የሚታየው በዚህ ነው። የእኔን እንዲህ ሳየው ካሬዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው፣ ነጩ ሁሌ ከላይ በግራ ተቀምጧል። ይህን አስቤ አላደረግሁትም፤ እጄ ለምዶ ነው።

ከዚያ ሳታስቡ የምትደግሙትን ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ ዝርዝር፦ የመሐሉ ቀለም፣ የጥብጣቡ ስፋት፣ የአሰፋፉ ተራ፣ የካሬው አቅጣጫ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካችሁ ሥራውን ያሳመረው ወይም ያበላሸው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ጨርቁ

ቅዳሜ ገበያ ብትን አቡጀዲ አይጠፋም። ብጣሹን ግን በረንዳ ላይ መኪና ዘርግተው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች ብትጠይቁ ይሻላል፤ በፌስታል ያስቀምጡላችኋል። ጥጥን ከጥጥ ጋር ስፉ። የዩኒፎርም ቴትሮን ከስስ አቡጀዲ ጋር ሲሰፋ አንዱ ሲሸበሸብ ሌላው ይወጠራል።

ሳትቆርጡ በፊት ሁሉንም እጠቡ። ቀዩን ለብቻው ዘፍዝፉና ውኃው ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም ደጋግሙ። ሦስተኛው ድሪቶዬ ላይ ይህን ዘልዬ ነበር፤ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ወደ ነጩ ገባና ስልሳ ሦስት ካሬ ሮዝ ሆነብኝ። ነጩ የእናቴ አሮጌ ነጠላ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

መነሻው ካሬ

የስፌት ትርፍ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ያዙ። መሐሉን 7 በ7 ቁረጡ፤ ጥብጣቡ ሁሉ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ለአንድ ዙር አራት ጥብጣብ ያስፈልጋል፦ ፈዛዛ 7፣ ፈዛዛ 10፣ ደማቅ 10፣ ደማቅ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ሁለቱ ፈዛዛዎች በሚዋሰኑ ጎኖች ይሰፋሉ፤ ደማቆቹ በቀሩት ሁለቱ። ሁለተኛው ዙር 13፣ 16፣ 16፣ 19፤ ሦስተኛው 19፣ 22፣ 22፣ 25። ካሬው ሲያልቅ 25 በ25፣ ከሌሎቹ ጋር ተገጣጥሞ ሲሰፋ 23 በ23 ይሆናል። ለአንድ ካሬ ፈዛዛው 87፣ ደማቁ 105 ሳንቲ ሜትር ይፈጃል፤ ደማቁ ሁልጊዜ ውጭ ስለሚውል ብልጫ አለው፤ ስትገዙ ይህን አስቡ። ሰባት ካሬ በዘጠኝ ረድፍ 161 በ207 ይሆናል፤ ላንድ ሰው አልጋ በቂ ነው።

እያንዳንዱን ጥብጣብ እንደሰፋችሁ በካውያ ተጫኑት። መብራት ከሄደ የከሰል ካውያ ይሠራል፤ አመዱ እንዳይረግፍባችሁ ብቻ ጠንቀቁ። ሳይተኮስ የተሰፋ ካሬ ሦስተኛው ዙር ላይ ይጣመማል፤ ያኔ ከመፍታት በቀር መላ የለውም።

አንድ ነገር መቀየር

ከሁሉ ቀላሉ አቅጣጫውን ማዞር ነው፤ አንድም አዲስ ስፌት አይጠይቅም። ያለቁትን ካሬዎች መሬት ላይ ደርድሩ። ጎን ለጎንም ከላይ ወደ ታችም አንዱን እንዳለ፣ ቀጣዩን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ስትደረድሩ ደማቁና ፈዛዛው በሰያፍ እየተፈራረቀ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ አሜሪካኖቹም «ቀጥ ያለ ትልም» ይሉታል። አራት አራቱን ፈዛዛቸውን ወደ መሐል አዙሩ፤ ነጭ አልማዝ ይወጣል። ደማቁን ወደ መሐል ብታደርጉት የተገላቢጦሹ ይሆናል። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳዞራቸው አመሸሁ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ያን ምሽት ነው ካሬዬን ያወቅሁት።

ሁለተኛው የአሰፋፉን ተራ መቀየር ነው። በሚዋሰኑ ጎኖች ፋንታ መጀመሪያ ሁለቱን ፊት ለፊት ያሉ ጎኖች ስፉ፣ ቀጥሎ የቀሩትን ሁለት። ርዝመቱ 7፣ 7፣ 13፣ 13 ይሆናል፤ ከዚያ 13፣ 13፣ 19፣ 19፤ በመጨረሻ 19፣ 19፣ 25፣ 25። የጨርቁ ድምር ያው ነው፤ መልኩ ግን ደረጃ ይመስላል።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ፈዛዛውን ጥብጣብ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ደማቁን 5 አድርጋችሁ ቁረጡ። ምድጃው ከመሐል ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፤ ካሬው ሲሰፋ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አራቱን ስትገጥሙ ቀጥ ያለ ጨርቅ ብቻ ተጠቅማችሁ ክብ ነገር ይታያችኋል። እዚህ ላይ ርዝመቱን አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ እየሰፋችሁ ትርፉን ከርክሙ።

በመጀመሪያው ቀን ስድሳ ካሬ አትጀምሩ። አራት ሥሩና ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ሁለት ቀን እዩት።

መሙላትና መቋጨት

ለመሐል ሙሌት ያረጀ ጋቢን የሚያክል አላገኘሁም። አራት ድርብ ነው፣ ጥጥ ነው፣ እንደ ብትን ጥጥ አንድ ቦታ አይከማችም። የሳሳውን ቦታ በሌላ ቁራጭ ደርቡበት። ከታች የአቡጀዲ ገበር፣ መሐል ጋቢ፣ ከላይ የገጠማችሁት። ሦስቱን ከመሐል ወደ ዳር እየዳሰሳችሁ አስተካክሉና በትልልቅ ጊዜያዊ ስፌት ያዙት፤ ከዳር ከጀመራችሁ መሐሉ ይነፋል።

ሦስቱን ድርብ በስፌት መኪና አንድ ላይ መስፋት ከከበዳችሁ፣ በወፍራም የጥጥ ክር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሦስቱንም ወግታችሁ ሁለት ጊዜ ቋጥሩ። ቋጠሮውን ምድጃው ላይ አታድርጉት፤ ቀዩ ንጹሕ ሆኖ ይታይ። ዳሩን በ6 ሳንቲ ሜትር ቅዳጅ አጥፋችሁ ክፈፉ። ሲታጠብ ጋቢው ውኃ ይዞ ስለሚከብድ በአንድ ገመድ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ስፌቱን ይጎትተዋል። ሁለት ገመድ ላይ ደልድላችሁ፣ ገበሩን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት።