ሙሉ ፋይበር ከማዘዝዎ በፊት፦ በብሪታንያ አድራሻ ሲያጣሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ብሪታንያ ውስጥ ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሰው ኢንተርኔት ለማስገባት ሲያስብ ፖስት ኮዱን በአንድ አቅራቢ ድረ ገጽ ላይ ያስገባና የመጣለትን መልስ ያምናል። መልሱ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። በመረጃ ቋት ውስጥ ስለተመዘገበ አድራሻ፣ ያውም ያ አቅራቢ በሚሸጠው ኔትወርክ ብቻ የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ «አለ» የሚለውም «የለም» የሚለውም ሊያሳስት ይችላል። ውሉ ብዙ ጊዜ ለ24 ወር የሚፈረም በመሆኑ ስህተቱ ቶሎ አይታረምም።

ምልክት፦ «ፋይበር አለ» ይላል፣ የቀረበው ፍጥነት ግን ከ80 ሜጋቢት አያልፍም

ይህ ከፊል ፋይበር ነው። የፋይበሩ መስመር መንገድ ዳር ያለው አረንጓዴ ሳጥን ላይ ያበቃል፤ ከዚያ እስከ ቤትዎ ያለው የድሮው ስልክ የመዳብ ሽቦ ነው። የማውረጃ ፍጥነቱ ቢበዛ 80፣ የመጫኛው (ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው) 20 ሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን፣ ቤቱ ከሳጥኑ በራቀ ቁጥር ሁለቱም ይቀንሳሉ። ለዓመታት ይህና ፋይበሩ እስከ ቤት ውስጥ የሚገባበት ሙሉ ፋይበር «ፋይበር» በሚል አንድ ስም ሲሸጡ ኖረዋል። የዘርፉ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ባወጣው መመሪያ መሠረት ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ወዲህ አቅራቢዎች ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት የመስመሩን ዓይነት በግልጽ መንገር ይጠበቅባቸዋል።

መፍትሄው የመጫኛውን ፍጥነት ማየት ነው። 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ማውረጃውም ከ80 የማይበልጥ ከሆነ የመዳብ ሽቦ እንዳለበት ይጠርጥሩ። በስልክ ሲያነጋግሩ «ኤፍቲቲፒ ነው ወይስ ኤፍቲቲሲ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሙሉ ፋይበር የመጀመሪያው፣ ከፊል ፋይበር ሁለተኛው ነው። አብዛኛው የቨርጂን ሚዲያ ኔትወርክ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ወደ ቤት የሚገባው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ስለሆነ ማውረጃው በጣም ፈጣን ሊሆን ይችላል፣ መጫኛው ግን ከማውረጃው በእጅጉ ያንሳል። ከቤት ሆነው ቪዲዮ የሚልኩ ወይም በቪዲዮ ስብሰባ የሚሠሩ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማዎታል።

ምልክት፦ ጎረቤቴ ሙሉ ፋይበር አለው፣ የእኔን አድራሻ ግን «የለም» ይለዋል

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ሊፈታ የሚችለው ጉዳይም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የጎረቤትዎ መስመር የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ትልቁ ኔትወርክ የቢቲ ግሩፕ የሆነው ኦፕንሪች ነው፤ ቢቲ፣ ስካይ፣ ቮዳፎን፣ ቶክቶክና ሌሎችም አገልግሎታቸውን በእሱ መስመር ላይ ይሸጣሉ። ሲቲፋይበር የራሱን መስመር ዘርግቶ በሌሎች አቅራቢዎች በኩል ይሸጣል። ሃይፐርኦፕቲክና ለንደን ውስጥ የሚሠራው ኮሚዩኒቲ ፋይበር ለነዋሪው ራሳቸው ይሸጣሉ፤ በሃል ከተማ ደግሞ ዋናው ኬኮም ነው። ስለዚህ በአንድ አቅራቢ ገጽ ላይ «የለም» ማለት «በእኛ ኔትወርክ የለም» ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። በኦፍኮም የሽፋን ማጣሪያ ይጀምሩ፤ ብዙ ኔትወርኮችን አንድ ላይ ያሳያል። መረጃው የሚታደሰው በየጊዜው እንጂ በየዕለቱ ስላልሆነ በቅርቡ የተዘረጋ መስመር ሊያመልጠው ይችላል። ከዚያ በአካባቢዎ የሚሠሩትን ኔትወርኮች ገጽ አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ኔትወርኩ አንድ ሆኖ መልሱ ከተለያየ አድራሻውን ይመርምሩ። አንድ ፖስት ኮድ ብዙ ቤቶችን ስለሚይዝ በፖስት ኮድ ብቻ የተገኘ መልስ ግምት ነው። በብሪታንያ እያንዳንዱ ቤት እስከ 12 አሃዝ የሚደርስ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ዩፒአርኤን ይባላል። ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተከፋፍሎ ሦስትና አራት አፓርታማ ሲሆን መዝገቡ ይዘበራረቃል። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) «አፓርታማ 1፣ ቁጥር 24» ያለውን ፖስታ ቤቱ «24ኤ»፣ የኔትወርኩ ድርጅት ደግሞ «የምድር ቤት» ብሎ ሊይዘው ይችላል። አቅራቢው በእርስዎ አጻጻፍ ሲፈልግ መዳብ ብቻ ያለበትን አሮጌ መዝገብ ያገኛል።

በካውንስል ታክስ ደብዳቤዎ ላይ አድራሻው እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱና «ፋይንድ ማይ አድረስ» በሚባለው ድረ ገጽ መለያ ቁጥሩን ያግኙ። ለአቅራቢው ሲደውሉ ቁጥሩን ሰጥተው በዚያ መዝገብ እንዲፈልጉልዎ ይጠይቁ። አድራሻው በኦፕንሪች ገጽ ላይ ከሌለ ወይም ከተሳሳተ ለድርጅቱ ያመልክቱ። አፓርታማው በካውንስሉም ካልተመዘገበ ማስመዝገብ የአከራዩ ሥራ ነው፤ በጽሑፍ ይጠይቁት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ «የላይኛው ቤት አድራሻ ይሠራል፣ በእሱ እንዘዝ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ እሺ አይበሉ። ትእዛዙ የጎረቤትዎን መስመር ሊያቋርጥ ይችላል፤ ቴክኒሻኑም የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

አድራሻው ትክክል ሆኖም ፎቅ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ፋይበሩ ከሕንፃው በር ላይ ቆሞ ይሆናል። ኔትወርኩ ወደ ውስጥ ለመግባት ዌይሊቭ የሚባለውን የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ባለቤቱ ካውንስል፣ የቤቶች ማኅበር ወይም የግል ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው ለወራት ሳይመለስ መቅረቱም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ ባለቤቱ ለተደጋጋሚ ጥያቄ መልስ ሲነፍግ የቴሌኮም ድርጅቱ ለልዩ ፍርድ ቤት አመልክቶ እስከ 18 ወር የሚቆይ ጊዜያዊ መብት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሂደቱ የሚጀምረው ግን ነዋሪው አገልግሎቱን ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ ዝም ብለው አይጠብቁ። ፍላጎትዎን በኔትወርኩ ገጽ ላይ ያስመዝግቡ፣ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ይጻፉ፣ ጎረቤቶችዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ ያስተባብሩ። በአንድ ፎቅ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሕንፃዎች አሉ፤ አብሮ መጠየቅ አይክበዳችሁ።

ምልክት፦ «አለ» ብሎ ትእዛዝ ተቀበለ፣ ቴክኒሻኑ ግን መጥቶ ሳይሠራ ተመለሰ

መስመሩ የሚያልፍበት የመሬት ውስጥ ቱቦ ተዘግቶ፣ ምሰሶው ላይ ያለው የማከፋፈያ ሳጥን ሞልቶ፣ ወይም ግድግዳ ለመብሳት ፈቃድ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ማንም ድረ ገጽ አያሳይም።

ከማዘዝዎ በፊት ቤቱን ዞረው ይመልከቱ። ከውጭ ግድግዳው ላይ ትንሽ የመስመር ሳጥን፣ ከውስጥ ደግሞ በመብራት ሶኬት አጠገብ ኦኤንቲ የሚባል ትንሽ ነጭ ሳጥን ካለ ቀድሞ የነበረው ተከራይ ሙሉ ፋይበር ይጠቀም ነበር ማለት ነው። ለአቅራቢው ይንገሩት፤ ቴክኒሻን ሳይመጣ ሊከፈትልዎ ይችላል። ሳጥኑ ከቤቱ ጋር የሚቀር እንጂ የተከራዩ ስላልሆነ ለቀው ሲወጡም ይዘውት አይሂዱ። ምንም ከሌለ የአከራዩን ፈቃድ በኢሜይል ይያዙና ሳጥኑ የሚሰቀልበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ፤ ሶኬት ያስፈልገዋል።

ሳጥኑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ በኢንተርኔት የሚሠራው የቤት ስልክም ይጠፋል። የድሮው የስልክ ኔትወርክ በጃንዋሪ 2027 እንዲዘጋ ተወስኗል። በስልክ መስመር የሚሠራ የአደጋ ጥሪ መሣሪያ ያላቸው እናት ወይም አባት ካሉ ከትእዛዙ በፊት ለአቅራቢው ያሳውቁ።

ምልክት፦ አዲስ የተሠራ ቤት ነው፣ አድራሻው ጭራሽ አይገኝም

አዲስ አድራሻ ወደ ሁሉም መዝገቦች እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አልሚው የሰጠውን የፕሎት (የግንባታ ቦታ) ቁጥር ይጠቀሙ። በእንግሊዝ ከዲሴምበር 26 ቀን 2022 ወዲህ የግንባታ ደንቡ አዲስ ቤት የጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት በሰከንድ) መስመር እንዲገባለት ያስገድዳል፤ የማገናኛ ወጪው በቤት ከ2,000 ፓውንድ ከበለጠ ግን አልሚው ከዚህ ግዴታ ነፃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት የትኛው ኔትወርክ እንደገባ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነ አቅራቢ የመምረጥ ዕድልዎ ያነሰ ነው።

ምልክት፦ ሁሉንም አጣራሁ፣ በእርግጥም የለም

በአካባቢዎ ሥራ መታቀዱን ይመልከቱ። ከታቀደ በመዳብ መስመር የ24 ወር ውል አይፈርሙ፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም በየወሩ የሚቋረጥ ውል ወይም የ5ጂ የቤት ኢንተርኔት ይሻላል። ቢያንስ 10 ሜጋቢት ማውረጃና 1 ሜጋቢት መጫኛ እንኳ ካላገኙ መስመር እንዲሻሻልልዎ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አለዎት፤ ማመልከቻው ለቢቲ፣ በሃል ደግሞ ለኬኮም ይቀርባል። ወጪው እስከ 3,400 ፓውንድ ከሆነ እርስዎ አይከፍሉም።

ምልክት፦ አዲሱ ሳይገባ አሮጌው ተቋረጠ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ደንበኛው አሮጌውን ራሱ መሰረዙ ነው። ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ጀምሮ በዚያው ቤት አቅራቢ ሲቀይሩ የሚያነጋግሩት አዲሱን ብቻ ነው፤ መሰረዙን እሱ ያስፈጽማል። ቤት የሚቀይሩ ከሆነ ግን ለአሮጌው አቅራቢ ራስዎ ማሳወቅ አለብዎት። በስልክ ወይም በድረ ገጽ የተገባ ውል 14 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ስላለው፣ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ የሚላክልዎትን የውል ማጠቃለያ ቀድመው ካላነበቡት በዚያ ጊዜ ውስጥ ያንብቡ። የመስመሩ ዓይነት፣ ዝቅተኛው የተረጋገጠ ፍጥነትና አድራሻዎ በትክክል መጻፋቸውን ይዩ፤ «አለ» ያለዎትን ገጽም ቀኑ እንዲታይ አድርገው ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።