የፔንሲልቫኒያ ቄጠማን እየገነጠሉ ማብዛት

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ባለው ግቢያችሁ ትልቅ የኦክ ዛፍ ካለና ከሥሩ ሣር አልበቅል ካለ፣ በየዓመቱ የሣር ዘር መግዛቱን ተዉትና የፔንሲልቫኒያ ቄጠማ ትከሉ። የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ደኖች አገር በቀል ነው። ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ ነገር ግን የኛው ረግረግ ሲወድ፣ ይሄኛው ውሃ የማይተኛበት ጥላማ መሬት ይስማማዋል። ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው።

ችግኙን ስትገዙ መለያው ላይ ካሬክስ ፔንሲልቫኒካ የሚለውን የሳይንስ ስም ፈልጉ፤ በየመደብሩ የጃፓን ዘመዶቹም ይሸጣሉና። ከጫካ መንቀል ግን ፈጽሞ አይገባም።

በዘር ማብዛትን አልመክርም። ዘሩ ጥቂት ነው፤ በሜይ መጨረሻና በጁን ደርሶ ቶሎ ይረግፋል፤ ብዙውም አይበቅልም። የሚያዋጣው መገንጠል ነው።

ጊዜው አዲስ ቅጠል ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ወይም ሙቀቱ በረድ በሚልበት በሴፕቴምበር ነው። በዋዜማው ውሃ አጠጡት። በማግስቱ ከነሥሩ አውጥታችሁ አፈሩን አራግፉለት። ያኔ ከመሬት በታች ወደ ጎን የሚሄዱት ቀጫጭን ግንዶች ይታያሉ፤ የሚስፋፋው በእነሱ ነው። በስለታም ቢላ ቆራርጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጥቂት ቡቃያና በቂ ሥር ይኑረው። ቅጠሉን እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ አሳጥሩት። ሥሩ ከደረቀ አለቀለትና እስክትተክሉት በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።

ከዛፍ ሥር አትቆፍሩ፣ አዲስ አፈርም አትከምሩ፤ ሁለቱም ኦኩን ይጎዱታል። በእጅ መኮትኮቻ ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ ክፈቱ። በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ቁራጭ ይበቃል። ቡቃያው የሚነሳበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በመካከሉ የደቀቀ ደረቅ ቅጠል ስስ አድርጋችሁ በትኑ።

ትልቁ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቄጠማው ዝግ ብሎ ነው የሚስፋፋው፤ አረም ደግሞ አይጠብቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጅ መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህን የተወ ሰው ቄጠማውን ያጣል። በመጀመሪያው ዓመት የሙቀት ወራት ዝናብ ሲጠፋ ውሃ አጠጡት። ሥር ከያዘ በኋላ ማዳበሪያ አይፈልግም። ማጨድ ከወደዳችሁም በዓመት አንዴ፣ የብርዱ ወራት ሲያልቅና አዲሱ ቅጠል ሳይነሳ፣ ከ7 ሳንቲ ሜትር ሳታሳጥሩ እጨዱት።