የእንጨት ሄድፎን ድምፁ ሲበላሽ፦ እውነት ጥፋቱ የእንጨቱ ነው?

የእንጨት ቀፎ ያለው ሄድፎን የገዛ ሰው ድምፁ ካላማረው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እንጨቱን ነው። እኔም አንዱን ሄድፎኔን "እንጨቱ ደርቋል" እያልኩ ለወራት ሳማው ከርሜያለሁ። የዳነው ግን በአንድ ጥንድ ስፖንጅ ነው።

ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሳስቷል

ሙዚቃ ክፈቱና ሁለቱንም ቀፎ በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጆሯችሁ ጫኑ። ቤዙ ከተመለሰ እንጨቱ ነፃ ነው። የጆሮው ስፖንጅ አየር እያሾለከ ነው ማለት ነው። ወይ ተጠፍጥፏል፣ ወይ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ወይ የመነጽራችሁ ዘንግ ከሥሩ ገብቷል። ስትቀይሩ ውፍረቱ ከድሮው ጋር ይመሳሰል፤ ስፖንጅ ድምፅን የሚለውጠው የእንጨቱ ዓይነት ከሚለውጠው በላይ ነው።

ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል

ስፒከር ወደ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ድምፅ ይለቃል። ጀርባው ዝግ ከሆነ ያ ድምፅ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ጥልቀቱ 4 ሳንቲሜትር በሆነ ቀፎ ውስጥ ከ4,000 ኸርዝ (በሰከንድ 4,000 ንዝረት) ትንሽ ከፍ ብሎ ይደራረባል። ጆሯችን ደግሞ በጣም ንቁ የሆነው እዚያው ሰፈር ነው።

እዚህ ላይ እንጨት ብቻውን አያድንም። ውስጡ ከተወለወለ ድምፁን እንደ ፕላስቲክ ያነጥረዋል። እንጨት የሚበልጠው የራሱን ንዝረት ቶሎ በማብረድ ነው። ባዶውን ቀፎ በጥፍር ምቱት፤ ስስ ፕላስቲክ "ቃ" ሲል ወፍራም እንጨት "ዱብ" ብሎ ዝም ይላል። የክራር ገበቴ እንዲዘፍን ነው የሚሠራው። የሄድፎን ቀፎ ግን ከዘፈነ ተበላሸ።

መፍትሄው የሳሳ ጥጥ ነው። ቀፎውን ፈትታችሁ ከግድግዳው ላይ አንጥፉ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ። መጀመሪያ አንዱን ወገን ብቻ ሠርታችሁ ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ከበዛ ድምፁ ይታፈናል። እንደ ብሩክሊኑ ኩባንያ ግራዶ የማሆጋኒ እንጨት ሄድፎኖች ጀርባቸው ክፍት የሆኑትን ግን ይህ አይመለከታቸውም።

ቤዝ ሲመታ "ዝዝዝ" ይላል

ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ናት። እሷ ካልሆነች የላላ ብሎን ነው። እስኪጠብቅ ብቻ አዙሩት፤ እንጨት ላይ ጉልበት ካበዛችሁ ጥርሱ ይበላል።

ቀፎው ተሰነጠቀ

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁት ይሆናል። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ካለፈ አየር ያስወጣል፣ ቤዙም ይሄዳል። የእንጨት ኮላ አስገቡበት፣ በጨርቅ አስራችሁ አሳድሩት።