ክሬዲታችሁ ሜዳ ላይ እንዳይቀር

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምራችሁ ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትዛወሩ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ። ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትጨርሱበትን ዩኒቨርሲቲና የምታጠኑትን ትምህርት ወስኑ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው።

ክሬዲት (ኮርስ ስትጨርሱ የምታገኙት የትምህርት ነጥብ) ወደ ዩኒቨርሲቲው አለፈ ማለት ለዲግሪያችሁ ተቆጠረ ማለት አይደለም። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ካልኩለስን ሸሽቶ ቀለል ያለ ሒሳብ ወሰደ እንበል። ዩኒቨርሲቲው ይቀበለውና በኢሌክቲቭ (በምርጫ ኮርስ) ስር ያስቀምጥለታል። ካልኩለሱ ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ዋጋ።

የዲግሪውንም ዓይነት እዩ። ኤ.ኤ. እና ኤ.ኤስ. የሚባሉት የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዲግሪዎች ለትራንስፈር፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተሰናዱ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ. ግን በዋናነት በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው ስለሆነ ብዙው ክሬዲት ላያልፍ ይችላል። በአንዲት ፊደል ስንቱ ተሸወደ!

ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) የምትማሩ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስላለው አድቫንስ ፕሮግራም ገና በጅምሩ ጠይቁ፤ የትኛውን ኮርስ መውሰድ እንዳለባችሁ መንገዱን ያሳዩዋችኋል። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ አርትሲስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ኮርሳችሁ የት ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) የነገራችሁን በኢሜይል ድገሙልኝ በሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ከሲ በታች ያመጣችሁበት ኮርስ አያልፍም። የየኮርሱን ሲላበስም (የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት) አትጣሉ፤ ክሬዲት ቢከለክሏችሁ ይግባኝ የምትሉት በእሱ ነው።