ሌነን ይበልጣል ወይስ ሃሪሰን? ከመጨቃጨቃችሁ በፊት መዝገብ ክፈቱ

ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከቢትልስ አራት አባላት መካከል ታላቅ ወንድሜ የጆን ሌነን ወገን ነው፤ እኔ የጆርጅ ሃሪሰን። ዶሮ ማነቂያ ከነበረው ቤቱ ከተነሣ ወዲህ ሩቅ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከፒያሳ አይቀርም። ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን የጀመርነው ክርክር የቸርችልን ቁልቁለት ይዞን ይወርዳል፤ ፖስታ ቤት ደጃፍ ስንደርስም አያልቅም። «አንቺ ልጅ፣ ሃሪሰን ስንት ዘፈን ጻፈና ነው?» ይለኛል። «ሌነንስ ስንት ሶሎ ተጫወተ፣ ጋሼ?» እለዋለሁ፤ ሶሎ ማለት ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል ነው። እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ የሰው ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ሳመሳክር እውላለሁ። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀና ከቦርሳዬ ባለ ዓምድ የሂሳብ ወረቀት አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። ለካስ እሱ የሚቆጥረው ድርሰት ነው፤ እኔ የምቆጥረው ጊታር። ሁለት ሂሳብ በአንድ ቋት ከገባ ደግሞ ሺህ ዓመት ቢደመር አይታረቅም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዓምድ ከመለየት ነው። ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። የካሴት ዘመን ሽፋኖቻችንን ገልብጣችሁ ብታዩ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ የየባለቤቱ ስም ለየብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ድምፃዊው ሌላ፣ ገጣሚው ሌላ፣ ዜማ ደራሲው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከልጅነታችን ጀምሮ የገባን ነገር ነው። የሮክ አልበም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ደራሲዎቹ እገሌና እገሌ» ብሎ ያልፋል። ቢትልስ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ሌነንና ሌላው አባል ፖል ማካርትኒ ማንኛቸውም ለብቻቸው የጻፉት እንኳ በሁለቱም ስም እንዲወጣ ተስማምተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን «ይስተርዴይ» ተመልከቱ። ዘፈኑ የማካርትኒ ነው፤ በቅጂው ላይ ያለው ጊታርም የእሱ ነው፤ ያጀቡት አራት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ሌሎቹ ሦስቱ ቢትልሶች አልተጫወቱም። ሽፋኑ ላይ ግን የሌነን ስም አለ። እኔ ቢሮ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ቢመጣልኝ እመልሰዋለሁ።

አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሪትም ጊታር (ምቱን ይዞ የሚያጅበው)፣ ሊድ ጊታር (ዜማና ሶሎ የሚጫወተው)። ከጎን የአባላቱን ስም ጻፉ። ለአንድ ክርክር አንድ ባንድ ይበቃል፤ ሁለት ባንድ ካደባለቃችሁ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የማስረጃ ነገር ነው፤ እኔ የተቀጣሁትም እዚህ ላይ ነው። «ሊድ ጊታሪስት» ማለት ሹመት እንጂ ደረሰኝ አይደለም። ለሃሪሰን ስከራከር ሁልጊዜ የማነሣው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣው «ሪቮልቨር» አልበም መክፈቻውን «ታክስማን»ን ነበር። ያ ሹል፣ ንዴት ያለበት ሶሎ የሃሪሰን ትልቁ ምስክር ነው ብዬ ለስንት ሰው መሰከርኩ! ዘፈኑ የሃሪሰን ነው፤ ሶሎውን የተጫወተው ግን ማካርትኒ ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ሂሳብ ደበቅሁ ማለት ነው። ገና ከዚያ ሳላገግም እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» መጣ። እሱም የሃሪሰን ድርሰት ነው፤ የሚያለቅሰው ሊድ ጊታር ግን የባንዱ አባል ያልሆነው የኤሪክ ክላፕተን ነው። ስለዚህ በወረቀታችሁ ግርጌ ላይ «እንግዳ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ለማንም አባል ሶሎ ከመመዝገባችሁ በፊት በዚያ ዘፈን ላይ ማን እንደተጫወተ ዘፈን በዘፈን አጣሩ። ቪዲዮ አይቶ መፍረድም አደጋ አለው፤ በዚያ ዘመን ብዙ የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚቀረጸው በስቱዲዮ የተቀዳ ድምፅ ከኋላ እየተለቀቀ ነበርና እጅ የሚንቀሳቀሰው ለካሜራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጆሮ። ከሁሉ የጠቀመኝን ዘዴ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስመለስ የጆሮ ማዳመጫዬ አንዱ ጎን ተበላሸ። የለመድኩት ዘፈን ድምፃዊው ጠፋና ጊታርና ከበሮ ብቻ ቀረ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ብዙዎቹ የእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ስቴሪዮ ቅጂዎች ድምፁን ባንድ ጎን፣ መሣሪያውን በሌላው ጎን አድርገው ነው የተቀላቀሉት። አንዱን ጎን ከጆሮ ማውጣት ማለት መጋረጃ መግለጥ ነው። ከድምፁ ሥር ተደብቆ የኖረው ጊታር ብቻውን ይቀርባል። እኔም በዚያ መንገድ ለወንድሜ የሚከፈል ዕዳ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው «ኦል ማይ ላቪንግ» ላይ ሌነን እያንዳንዱን ምት ሦስት ቦታ እየቆረጠ በሪትም ጊታር ይጋልባል። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ያ እጅ በስንኞቹ ሥር ያለ ዕረፍት ይሮጣል። ወንድሜ ጊታሩን ይዞ ሊሞክረው ሞከረ፤ ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ አንጓው ዛለና «ይሄ ሰውዬ ክንዱ ብረት ነው እንዴ» አለ። እኔ ዝም ብዬ በሪትም ጊታር ዓምድ ለሌነን ከፍተኛውን ነጥብ ጻፍኩ። ሶሎ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ዓምድ ባዶ ይተወዋል።

ሊድ ጊታርን ጎን ለጎን ለመመዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ከወጣው «አቢ ሮድ» አልበም ላይ «ዘ ኤንድ»ን የሚያህል ፈተና አላውቅም። ከሪንጎ ስታር የከበሮ ሶሎ በኋላ ሦስቱ ተራ በተራ በጊታር ይነጋገራሉ። ማካርትኒ ይጀምራል፣ ሃሪሰን ይቀበላል፣ ሌነን ያሳርፋል። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሜዠር (የምት መቁጠሪያ ክፍል) ብቻ ነው የሚጫወተው፤ ዙሩም ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ዘጠኝ ሳጥን ሥሩ። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው ካለ እሱን አስቀምጡና ያለ ስም ያዳምጥ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን የሰማውን ጠባይ በአንድ ቃል ይጻፍ። ፈጠነባችሁ እንደሆነ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉት። የወንድሜን ልጅ ስልኩን አስይዘን ሞከርናት። ለመጀመሪያው ተጫዋች «ተቆጪ»፣ ለሁለተኛው «ለስላሳ»፣ ለሦስተኛው «ጉልበተኛ» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ስለ ቢትልስ የምታውቀው ነገር የለም። ሃሪሰን ክሩን እየገፋ ኖታውን እንደ ማር ሲስበው፣ ሌነን ደግሞ ሻካራ ድምፁን በዝቅተኞቹ ክሮች ላይ እየደጋገመ ሲወቅጠው ስሙ፤ ከዚያ በኋላ «ማን ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ ራሱ «ለምን ሥራ?» ወደሚል ይዞራል። እኔ ለቅልጥፍናና ለኖታ ንጽሕና ሃሪሰንን አስቀደምኩ። በድፍረት ግን ሌነንን የሚበልጥ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ጆሮ አንድ ነገር ልበል። ሮክ ውስጥ ብዙ ሶሎ የሚገነባው በአምስት ድምፆች ነው፤ በሜጀር በኩል ያሉት አምስቱ ደግሞ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጊታሪስት «ነፍስ አለው» ስንል፣ አገር ቤት አገር ቤት ስለሸተተን እንዳይሆን። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ወደ ድርሰቱ ስንመጣ፣ ዜማን ለመመዘን ቅጂውን ዝጉና አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ያንጎራጉረው፤ ካስፈለገ ብቻ በክራር ወይም ባንድ ተራ ጊታር ይታጀብ። ያማረው ልብሱ ከሆነ ዜማው እዚያው እርቃኑን ይቀራል። ለግጥም ደግሞ ስንኙን በእጃችሁ ገልብጣችሁ በተራ አማርኛ ፍቱት። ሰምና ወርቅ ካልተገኘ ብላችሁ ግን አትጣሉት፤ ቅኔ ቤት አልገቡም።

ሂሳብ ሠራተኛ የማይዘነጋው ደግሞ በጀት ነው። ወንድሜ «ሌነን ስንት፣ ሃሪሰን ስንት» ሲል ድምሩ ትክክል ነው፤ ለሃሪሰን ስንት ቦታ እንደተሰጠው ግን አይጠይቅም። በ«ሪቮልቨር» ላይ ካሉት 14 ዘፈኖች የሃሪሰን 3 ናቸው፤ ያ እንኳ ለእሱ የተትረፈረፈ ነበር። በ«አቢ ሮድ» 2 ብቻ ደረሱት፤ ሁለቱ ግን «ሳምቲንግ» እና «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ናቸው። ባንዱ በፈረሰበት እ.ኤ.አ. በ1970 ብቻውን ያወጣው አልበም ሦስት ሸክላ ሞላ፤ ተጠራቅሞ የኖረ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነበርና። ስለዚህ ጠቅላላ ድምር ሳይሆን በተሰጠው ቦታ ምን ሠራበት የሚለውን አስሉ።

ሌሎች ባንዶች ላይ ዘዴው ሲቀልም ሲከብድም አይቻለሁ። ፒንክ ፍሎይድ ቀላል ነው፦ «ኮምፈርታብሊ ነምብ» ላይ ግጥሙን ለሮጀር ዋተርስ፣ ዜማውን በአብዛኛው፣ ሁለቱን ሶሎዎች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለዴቪድ ጊልሞር መዝግባችሁ ታልፋላችሁ። የኢግልስ ባንድ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ላይ ሙዚቃውን ያመጣው ጊታሪስቱ ዶን ፌልደር ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀባበሉት ጊታሮች የእሱና የጆ ዋልሽ ናቸው፤ የሚዘፍነው ዶን ሄንሊ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ሁሉንም ለእሱ ይሰጣል። ክዊንን እስካሁን አልደፈርኩትም፤ አራቱም አባላት ዝነኛ ዘፈን ጽፈዋል፤ ወረቀቴ አይበቃም።

የመጨረሻው ሥራ የዓምዶቹን ክብደት መወሰን ነው። ይህን ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ በኋላ ከሆነ ሁሉም ሰው ለወዳጁ የሚመቸውን ዓምድ ያከብዳል። እኛ ለግጥም 25፣ ለዜማ 30፣ ለቅንብር 10፣ ለሪትም 15፣ ለሊድ 20 ከመቶ ብለን ተስማማን። ወንድሜ የሪትሙን 15 የተቀበለው አንጓው ከዛለ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቱን ጨርሼ «ጋሼ፣ ይፈርሙ» አልኩት፤ ለሥራ እንደምናገረው። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከሪትም ጊታር ዓምድ ሥር ብቻ ፈረመና ብዕሬን ኪሱ ከተተ።