ቤጂንግ ወይስ ሻንጋይ? ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት

ያለዎት አምስት ቀን ከሆነ አንዷን ብቻ ይምረጡ። በመካከላቸው ያለውን 1,318 ኪሎ ሜትር ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል፤ ጣቢያ ለመድረስ፣ ለፍተሻና ሻንጣ ለመጎተት የሚሄደው ጊዜ ሲታከልበት ግን አንድ ቀን በላ ማለት ነው።

መጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት አስቀድሞ ማቀድ ይሆንልኛል ወይ ብለው ነው። ቤጂንግ ሳይመዘገብ የመጣን እንግዳ ከበር ትመልሳለች። የተከለከለችው ከተማ የሚባለው የነገሥታት ግቢ ትኬት ከ7 ቀን በፊት ጀምሮ በኢንተርኔት፣ በፓስፖርት ቁጥር ይያዛል። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 60፣ በቀሩት ወራት 40 ዩዋን ነው። ከበዓል ቀን በስተቀር ሰኞ ሰኞ ይዘጋል። ቲያንአንመን አደባባይ ደግሞ የራሱ ምዝገባ አለው። ወደ ግቢው የሚገባው በደቡብ በር፣ የሚወጣው በሰሜን ስለሆነ መኪና ገቢያው በር ላይ አያስጠብቁ። እንደወጡ ፊት ለፊት ያለውን የጂንግሻን ኮረብታ ይውጡ፤ ቢጫው ጣሪያ ሁሉ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ የሚታየው ከዚያ ነው።

ለታላቁ ግንብ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከግንቡ ክፍሎች ባዳሊንግ የሚባለው በሰው ይጨናነቃል፤ ሙቲያንዩ የሚባለው ይሻላል። እዚያ የኬብል መኪናው 14ኛው ማማ ያደርስዎታል፤ ቁልቁል የሚንሸራተተው ጋሪ ግን የሚነሳው ከ6ኛው ማማ አጠገብ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ድርጅቶች ስለሆኑ የኬብል መኪና ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው በጋሪ እወርዳለሁ ቢል እንደገና ይከፍላል። በመወጣጫው ጉልበት የሚያማቸውን ወላጆች ይዘው ከሆነ ነገሩን ደግመው ያስቡበት።

ሻንጋይ እንዲህ አታስቸግርም። ምሽት ላይ በሁዋንግፑ ወንዝ ዳር ባለው፣ ባንድ በሚባለው የእግረኛ መንገድ ቆሞ ማዶ ያሉትን መብራቶች ማየት በነፃ ነው። 632 ሜትር የሚረዝመው የሻንጋይ ታወር ግን ደመና ባለበት ቀን ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ሰማዩን አይተው ይክፈሉ። የጎረቤቷ ከተማ የሱጆ የአትክልት ቦታዎች በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ይርቃሉ።

አሳማ የማይበላ ሰው ሻንጋይ ውስጥ ይቸገራል። ዝነኛው ሻዎሎንግባዎ፣ ያ በእንፋሎት የሚበስለው ሾርባ ያዘለ ጥቅል ሊጥ፣ ሾርባው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ተቀቅሎ የረጋ ነው። በጾም ቀን አትክልት ሲያዙም በአሳማ ስብ እንዳይጠበስ ይጠይቁ። ቤጂንግ በዚህ ትበልጣለች፦ ኒዩጂዬ በሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር ስስ የበግ ሥጋ በከሰል በሚፈላ የመዳብ ድስት እየነከሩ ይበላሉ።

ወሩን በተመለከተ፣ ቤጂንግ በጃንዋሪ ውኃ የሚያረጋ ደረቅ ብርድ አላት፤ ሻንጋይ ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ለሳምንታት በዝናብና በወበቅ ትታፈናለች። ሴፕቴምበር ለሁለቱም ይመቻል። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ግን አገሩ ሁሉ በዓል ላይ ስለሆነ አይሂዱ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሁለቱም ቪዛ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን በቤጂንግ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ ከሆነ፣ ያለ ቪዛ እስከ 240 ሰዓት መቆየት ይችላል። ወደ መጣበት ወደ አሜሪካ ከተመለሰ ግን አይሠራለትም። አሊፔይ የተባለውን የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ከቤትዎ ሳይወጡ ጭነው ካርድዎን ያያይዙ። ዋትስአፕና ቴሌግራም እዚያ ስለሚዘጉ እገዳውን የሚያልፍ መተግበሪያ (ቪፒኤን)ም አብረው ይጫኑ፤ ከደረሱ በኋላ ማውረዱ አስቸጋሪ ነው።